ባቡር ጎንደር ይመጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ባቡር ጎንደር ይመጣል የሚባለው እውነት ነው?» ላልከው፣ ዕቅዱስ እውነት ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (2003–2007 ዓ.ም.) በወጣው የባቡር መረብ ውስጥ ከወረታ ተነስቶ በጎንደር ዳር ባለችው አዘዞ በኩል መተማ የሚደርስ መስመር አለ። ሐዲድ ግን አልተነጠፈም። ወደኛ የቀረበው የአዋሽ–ወልዲያው መስመር ነው፤ እሱም ወልዲያ አጠገብ ባለችው ሐራ ገበያ ላይ ያበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ተሳፋሪው ነው። ለጅቡቲው ባቡር የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው፤ ከመሀል ከተማ ይርቃል። ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ሌላ ታክሲ ይፈልጋል። አዘዞም ከጎንደር ፒያሳ ራቅ ይላል። ስለዚህ ጣቢያው ሲታሰብ ፒያሳ ድረስ የሚያደርስ አውቶቡስም አብሮ ይታሰብ። ለጭነት ብቻ ከተሠራ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ለምትጓዝ እናት ምን ይጠቅማታል?