ዲከንስን በኦሪጅናሉ ለማንበብ ቃል መሸምደድ ያስፈልጋል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዲት እህታችን እዚህ ቡድን ላይ የጠየቀችውን አይታችኋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እዚሁ ጅማ ሥራ ጀምራለች። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲከንስን ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ የተባለ ልቦለድ በኦሪጅናሉ፣ በእንግሊዝኛው ማንበብ ትፈልጋለች። መጽሐፉን ስትከፍት ግን ገጽ በገጽ 15 ያህል የማታውቀው ቃል ይገጥማታል። «መጀመሪያ የጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) የቃላት ዝርዝር ልሸምድድ ወይስ እንዲሁ ልግባበት?» ትላለች። አብዛኞቻችሁ «ዝርዝሩን ጨርሺና ግቢ» ብላችኋታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እህቴ፣ እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ዲከንስን ያነበብኩት ከሥራ በኋላ፣ ማታ ማታ ነው። የቋንቋ ምሩቅ አይደለሁም። የምነግርሽ እኔ ላይ የሠራውን ነው።

መጀመሪያ ግን ያለሽበትን ቦታ እወቂው። አንድ ገጽ 300 ያህል ቃል አለው እንበል። ከዚያ ውስጥ 15ቱን አታውቂም ማለት ከመቶ 95ቱን ታውቂያለሽ ማለት ነው። ይሄ ቀላል አይደለም። ስለ ቃላት ትምህርት ብዙ የጻፈው የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ልቦለድን ያለ ማንም እርዳታ ለመረዳት ከመቶ 98ቱን ቃል ማወቅ ያስፈልጋል ከሚል ተነስቶ፣ ለዚህ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። የቃል ቤተሰብ የሚለው አንድን ቃል ከነርቢዎቹ ነው። ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። «ያለ እርዳታ» የሚለውን ያዢ። አንቺ መዝገበ ቃላት አለሽ፣ ስልክ አለሽ፣ እኛም አለንልሽ። መዝገበ ቃላት ይዞ ለሚያነብ ሰው 95 ጥሩ መነሻ ነው።

የጂአርኢው ዝርዝር ለጂአርኢ ጥሩ ነው። የተዘጋጀውም ለዚያ ነው። ግን እኛ የጎደለን የዚያ ዓይነት ቃል አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል። አናሊሲስ፣ ሃይፖቴሲስ፣ ሲግኒፊካንት፣ እነዚህ ሁሉ አፋችን ላይ ናቸው። እኔ የአንድን መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት በእንግሊዝኛ ጻፍ ብባል ብዙም አልቸገርም። የጎደለን የቤትና የጓሮ ቃል ነው። ሰው ሲያነክስ፣ ሲያፈጥ፣ ጎንበስ ሲል፣ ለራሱ ሲያጉተመትም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ክፍል ውስጥ አልተማርነውም። ልቦለድ ደግሞ የሚኖረው በነዚህ ቃላት ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንየው። የታሪኩ ባለቤት ትንሹ ፒፕ መቃብር ቦታ ቆሞ ያለቅሳል። ከመቃብሮቹ መሃል አንድ ሰውዬ ብድግ ይልበታል። ያመለጠ እስረኛ ነው፣ እግር ብረቱ አልወለቀም። ዲከንስ ይህን ሰው የሚስለው በአንድ ትንፋሽ ነው። ሶክድ፣ ስሞዘርድ፣ ሌምድ፣ ፍሊንት፣ ኔትል፣ ብራየር፣ ሊምፕ፣ ሺቨር፣ ግሌር፣ ግራውል፣ ቻተር፣ ሁሉም እዚያ አንድ ቦታ ተደርድረዋል። አንቺም የደነገጥሽው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አሁን በእኛ አፍ እንበለው። ውሃ ያራሰው፣ ጭቃ የለወሰው፣ ድንጋይ ያሰነከለው፣ ባልጩት የቆራረጠው፣ ሳማ የለበለበው፣ ቀጋ የቧጨረው ሰው ነው። ያነክሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያፈጣል፣ ያጉረመርማል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ከዚህ ውስጥ የማታውቂው ነገር አለ? አንድም የለም። ኔትል የሚለውን በእንግሊዝኛ ፍቺው ብታዪው «ቅጠሉ ሲነካ ቆዳን የሚያቃጥል ተክል» ይልሻል። ሳማ ስትይ ግን አለቀ። በአፋን ኦሮሞ ዶቢ ስትይም አለቀ። ጅማ ያደገ ልጅ አጥር ሥር ኳስ ሲፈልግ እግሩን ለብልቦታል።

ስለዚህ ለሚታይና ለሚዳሰስ ነገር የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ተጠቀሚ። የአምሳሉ አክሊሉ ካለሽ እሱ ይበቃል። «እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ ተማሪ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ጊዜ ያባክናል። የፒፕ እህት ባል ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ፎርጅ የሚባለው ብረቱን የሚቀጠቅጥበት ቤት ነው። ቤሎውስ ወናፉ ነው። ማርሽ ረግረግ ነው። እስረኛው ፒፕን የሚያዘው ፋይል ደግሞ እግር ብረቱን የሚቆርጥበት ሞረድ ነው። ፋይልን በቢሮና በኮምፒውተር ብቻ ስለምናውቀው ዝም ብለን እናልፈዋለን፣ ከዚያ ታሪኩ ይጠፋብናል። በእኔ ልምድ እንዲህ ያሉት «አውቃቸዋለሁ» የምንላቸው ቃላት ከከባዶቹ ይበልጥ ያሳስታሉ። ፕረዘንትሊ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ «በአሁኑ ጊዜ» ማለት አይደለም፣ «ጥቂት ቆይቶ» ነው። የመጽሐፉ ርዕስም እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ኤክስፔክቴሽንስ አለው ከተባለ ወደፊት የሚደርሰው ሀብት አለ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ የታወቀ ቃል ካልገጠመልሽ ተጠራጠሪው።

ለማይዳሰሱት ግን መንገዱ ሌላ ነው። ኮንዲሴንድ፣ ካውንተናንስ፣ ዲስፖዚሽን የመሳሰሉት በአንድ የአማርኛ ቃል አይያዙም። ለነዚህ ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቺና ከፍቺው ይልቅ ምሳሌዎቹን አንብቢ። ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ለዚህ ጥሩ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መዝገበ ቃላት ስልክሽ ላይ ጫኚ። ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ሁሉንም ቃል ልያዝ አትበይ። ይሄንን አጥብቄ ነው የምልሽ። እኔ አንድ ምዕራፍ መጀመሪያ ሳልቆም አነባለሁ፣ የከበደኝ ቃል ሥር በእርሳስ ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ። ሁለተኛ ስመለስ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ተፈተዋል። የቀሩትን አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ የማሰፍረው ግን ሁለት ዓይነቱን ብቻ ነው፤ አንድም የተደጋገመውን፣ አንድም እሱ ካልገባኝ ትዕይንቱ የማይታየኝን። ለምሳሌ እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጊቤት የሚባል ቃል አለ፣ የተሰቀለ ወንጀለኛ ሬሳ የሚንጠለጠልበት እንጨት ነው። ተረጂውና እለፊ። በሕይወትሽ ስንት ጊዜ ትጠቀሚበታለሽ? ሊምፕንና ግሌርን ግን ያዢ፣ የትኛውም ልቦለድ ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ።

ስትጽፊ ቃሉን ብቻውን አትጻፊ። የነበረበትን ሐረግ ሙሉውን ገልብጪ። ከጎኑ አማርኛውን፣ ከቻልሽ ደግሞ ከራስሽ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር። ለመከለስ አንኪ የሚባለውን አፕ እጠቀማለሁ፣ አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው። ልትረሺው ስትደርሺ ቃሉን መልሶ ያመጣልሻል። በቀን ጥቂት ካርድ ይበቃል። ካበዛሽው ክለሳው ንባቡን ይበላዋል።

ሌላው ችግር ቃል ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እስከዚያ ትንፋሻችንን ይዘን መጠበቅ ለምደናል። ዲከንስ ጋ ብዙ ጊዜ ግሡ ቶሎ ይመጣል፣ ጭራው ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ማን ምን አደረገ የሚለውን መጀመሪያ ፈልጊ። ሲገኝ እዚያ ጋ በእርሳስ ቁረጪው። የቀረውን በእንግሊዝኛዎቹ «and» እና «who»፣ በሰሚኮለንም እየከፈልሽ አንድ በአንድ ጨምሪበት። ቃሉን ሁሉ እያወቅሽ ያልገባሽ ዓረፍተ ነገር ካለ ችግሩ እዚህ ነው።

የገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ሲያስቸግርሽ ደግሞ ስሚው። እስረኛው ምግብ ሲጠይቅ ዊትልስ ይላል። በመደበኛው አነጋገር ቪትልስ ነው፣ ምግብ ማለት፤ ዲከንስ የተራውን ሰው አነጋገር በጆሮ እንደሚሰማው ነው የጻፈው። በዓይን ከባድ ነው፣ በጆሮ ግን ወዲያው ይገባል። ሊብሪቮክስ የሚባለው የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ሙሉ መጽሐፉ ተነቦ በነፃ አለ። መጽሐፉም ራሱ የቅጂ መብቱ ጊዜ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ይወርዳል። ዋይፋይ ባለበት ሁለቱንም አውርጂና አስቀምጪ።

አትቸኩዪ ደግሞ። ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው ከ1860 መጨረሻ እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በክፍል በክፍል ነው። እንግሊዞቹም ራሳቸው ቀጣዩን ሳምንት እየጠበቁ ነው ያነበቡት። 59 ምዕራፍ አለው። በሳምንት ሁለት ብታነቢ ሰባት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይከብዳሉ፣ ከዚያ ደራሲው የሚወዳቸው ቃላት እየተመላለሱ ስለሚመጡ መንገዱ ይለሰልሳል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ለፒፕ ገንዘቡን የሚልክለት ማን እንደሆነ አስቀድመሽ እንዳትሰሚ። «ፊልሙን ቀድመሽ እዪ» ያሉሽን አትስሚያቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማጠቃለያም አትክፈቺ። ያ ምሥጢር ሲገለጥ በራስሽ ዓይን አንብቢው። እኔ ያን ምዕራፍ ሳነብ ያደርኩበት ሌሊት አሁንም ያስደስተኛል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ምዕራፍ 1ን ሳትቆሚ አንብቢው። ከሁለተኛው ንባብ በኋላ የቀረብሽን እዚሁ ለጥፊ፣ ቃሉን ነጥለሽ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን። ተረኛ ካልሆንኩ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አለሁ፣ አብረን እናየዋለን።