«ለ9 ይካፈላል» ወይስ «በ9 ይካፈላል»?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ 123,456,789 ሳስረዳ «ለ9 ይካፈላል» እላለሁ። ባልደረቦቼ ግን «በ9 ይካፈላል» ይላሉ። የቱ ነው ልክ? ቁጥሩንስ በግዕዝ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ መምህር። እዚያው አዳማ ሦስት ጓደኛሞች ከፍራንኮ በባጃጅ ቢሄዱ፣ ሂሳቡን «ለሦስት ተካፈልነው» ይላሉ። «በሦስት ተካፈልነው» የሚል አላጋጠመኝም። ማኅበር ሲጣላም «ለሁለት ተከፈለ» ነው የሚባለው። «በ» የማባዛት ናት፤ 4 በ5 ሲባዛ 20 እንደምንለው። ማባዛትና ማካፈል ጎን ለጎን ስለሚማሩ ወደዚህኛውም ዘልላ ገባች። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «by» የሚለውን አንድ ቃል መጠቀሙ ደግሞ ሳያግዛት አልቀረም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ለ9 ይካፈላል» ብሎ መተው ይበቃል ወይ? 10ም እኮ ለ3 ይካፈላል፤ 3 ይደርስና 1 ይተርፋል። ተማሪ ፊት «ያለ ቀሪ ይካፈላል» ቢሉ ነገሩ ይጠራል።

የእርስዎ ቁጥር በእርግጥም ያለ ቀሪ ይካፈላል። የአኃዞቹ ድምር 45 ነው። 45 ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ትልቁም ቁጥር ይካፈላል። «የአኃዞቹ» አልኩ እንጂ «የቁጥሮቹ» አላልኩም። ቁጥሩ አንድ፣ አኃዞቹ ዘጠኝ ናቸው። (ይህቺ ነገር ሬዲዮ ላይ ስትምታታ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን ትቆረቁረኛለች።) ድርሻው 13,717,421 ነው። እሱም 3,607 በ3,803 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም።

በግዕዝ መጻፉ ይቻላል፦ ፼፳፫፻፵፭፼፷፯፻፹፱። ዛሬ ስናነብ ከቀኝ ሦስት ሦስት አኃዝ እየቆረጥን ነው፤ «መቶ ሃያ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ግዕዙ ግን ሚሊዮንን አያውቅም። መሰላሉ እልፍ ነው፣ ማለትም 10,000። ስለዚህ አራት አራት ይቆርጣል፤ 12,345 እልፍ ከ6,789 እንደማለት ነው። የመጀመሪያዋ ፼ ለብቻዋ አንድ እልፍ ናት። ሁለተኛዋ ግን ከግራዋ ያለውን በሙሉ በእልፍ ታባዛዋለች። ምልክቷ አንድ ሆና ሥራዋ ሁለት መሆኑ ነው ልጆችን ግራ የሚያጋባው፤ እዚያ ላይ ረጋ ብለው ያስረዱ።

የአኃዝ ድምሩን ፈተና ግን በግዕዙ አያሳዩዋቸው። ፳ ውስጥ 2 አይታይም፤ ምልክቱ በአንዴ 20 ነው። ለዚያ በተለመደው አጻጻፍ ይሥሩ።