ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው አብራሪ መሆን ይችላል?

ሐዋሳ ላይ የዓይን ምርመራ እሠራለሁ። አብራሪ መሆን ከሚመኙ ልጆችና ከወላጆቻቸው ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አለታ ወንዶ አያቴ ጋ ቡና ስንለቅም ጥሬውን እየቀላቀልኩ አስቸግራለሁ። የአብራሪነቱ ነገር አከተመ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስንፍና እንዳልሆነ ለአያትህ ንገርልኝ። የበሰለው ፍሬ ለሌላው ሰው ከቅጠሉ መሀል ቀልቶ ይታያል፤ ላንተ ግን ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። አብራሪነቱ ግን ገና አላከተመም። መጀመሪያ የምትመረመረው ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ነው፤ በነጠብጣቦች መሀል የተደበቀ ቁጥር ታነባለህ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር፣ 12ን፣ ሁሉም ሰው ያየዋል። ከዚያ በኋላ ብትሳሳትም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በሩን አይዘጋብህም። በአየር ጉዞ የሚያገለግሉትን ቀለሞች በቀላሉ ከለየህና ባለ ቀለም የአቪዬሽን መብራቶችን በትክክል ካወቅህ ብቁ ልትባል ትችላለህ። ይህንንም ካላለፍክ ንግድ አውሮፕላን ማብረሩ ይቀራል፤ በግል አብራሪነት ግን ቀን ቀን ብቻ እንድትበር ሊፈቀድልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ገጾቹን ሸምድዶ ቢገባስ?

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ! ማኮብኮቢያው ዳር አራት መብራቶች በረድፍ አሉ። ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከታዩ አውሮፕላኑ በትክክለኛው ከፍታ እየወረደ ነው፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብሏል። በሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ታላሃሲ ላይ አንድ የፌዴክስ ጭነት አውሮፕላን ገና ሳይነጋ ሊያርፍ ሲል ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ዛፍ መትቶ ወደቀ። ሦስቱም ሠራተኞች ተጎዱ፣ ሕይወታቸው ግን ተርፏል። መርማሪዎቹ ከድካምና ከአሠራር ጉድለት ጋር የረዳት አብራሪውን ቀለም የመለየት ችግርም ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች ቆጥረውታል። የሸመደደው ቁጥር ያን ሰዓት ልጅዎን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ቀለም ያስለያል የሚባለው መነጽርስ?

መልስ፦ ለምርመራው አይሆንም። ገንዘባችሁን አታውጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም። እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ፤ ይተላለፍብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ የወረስሽው ኤክስ ክሮሞዞም (የዘር ባሕርይ ተሸካሚ) ችግሩን ይዟል፤ ከእናትሽ ያገኘሽው ጤናማ ከሆነ ግን አንቺ ቀለም ትለያለሽ። ወንድ ልጅ ብትወልጂ ግማሽ በግማሽ ዕድል ሊወርሰው ይችላል። ወንዶች አንድ ኤክስ ብቻ ስላላቸው ነው ችግሩ በእነሱ ላይ የሚበዛው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ሞክሬ አልፌአለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ስክሪኑ ቀለሙን ይለውጠዋል። ለትምህርቱ ማመልከቻ ሳታስገባ፣ ከብድርም ከዕቁብም በፊት፣ የታተመውን መጽሐፍ በቀን ብርሃን ተመርመር። ከወደቅህ ደግሞ በመብራት የሚደረገውን ምርመራ የት እንደምታገኝ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ።