ካምፐር ለመጎተት የትኛው ፒካፕ? የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሥራዬ ከዴንቨር ተነስቶ በአይ 70 ላይ ከባድ መኪና መንዳት ነው። በጋ ላይ ደግሞ ቤተሰቤን ይዤ በፒካፕ ካምፐር፣ ማለትም እንደ ቤት የሚታደርበትን ተጎታች፣ እጎትታለሁ። ሰሞኑን ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። የማወራው ሃፍ ቶን ስለሚባሉት ቀለል ያሉ ፒካፖች ነው፦ ኤፍ 150፣ ሲልቨራዶ 1500፣ ሲየራ 1500፣ ራም 1500 እና ቱንድራ።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ሻጩ «ይሄ መኪና 13,000 ፓውንድ ይጎትታል» ብሎኛል። ያየሁት ካምፐር ቢሞላ 7,000 ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች ነን። ልፈርም?

ቆይ ወንድሜ፣ አትፈርም። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብብ። «የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም» ይልና አንድ ቁጥር ይጽፋል። ያ ቁጥር የዚያችው የአንዷ መኪና ነው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ ስማቸውም ሞተራቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ፒካፖች በብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። የጣሪያው መስታወት፣ በኤሌክትሪክ የሚወርደው መርገጫ፣ ትልልቁ ጎማ፣ የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ወንበር ሁሉ የሚቀነሰው ከዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ በጣም የተንቆጠቆጠው ፒካፕ ብዙ ጊዜ ትንሽ የሚሸከመው ነው።

አሁን ያንተን እንደምር። የካምፐር ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ሂቹ (ካምፐሩን ከፒካፑ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ ማረፍ አለበት። በ13 በመቶ ብንይዘው የ7,000 ፓውንዱ ካምፐር 910 ፓውንድ ፒካፕህ ላይ ይጭናል። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ ወደ 80 ነው። አምስታችሁን 650 እንበል። ጄኔሬተር፣ ማገዶ፣ ኩለርና ወንበር ከኋላ ብትጭን 150። ድምሩ 1,790 ፓውንድ፣ ከ800 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ስቲከሩ 1,400 የሚል መኪና ላይ ከፈረምክ ገና ከግቢህ ሳትወጣ ወደ 400 ፓውንድ አልፈሃል ማለት ነው። ሻጩ የነገረህ 13,000 ደግሞ ጨርሶ አልተነካም!

ሻጩ ዋሽቶህ አይደለም። ያ ቁጥር የሚወጣው ጄ 2807 በሚባል የኢንዱስትሪው መለኪያ ነው። በአሪዞና ዴቪስ ዳም አጠገብ ባለው ረጅም ዳገት፣ በቀትር ሙቀት፣ ኤሲው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ፍጥነቱ ከ40 ማይል ሳይወርድ መውጣት አለበት። ጥሩ ፈተና ነው። ግን መኪናው ውስጥ የሚታሰቡት እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ናቸው። ልጆችህ፣ ማገዶህና ጄኔሬተርህ እዚያ ውስጥ የሉም። ላንተ ቤተሰብ ስቲከሩ ከ1,850 በላይ የሚል ፈልግ። ጌጡ ቀለል ያለውን፣ የመጎተቻ ፓኬጅ ያለውን ጠይቅ፤ ይገኛል።

ከሲያትል፦ ካምፐሩ ላይ «ደረቅ ክብደት 5,600» ተጽፏል። እኔ በዚህ አስልቼ ነበር።

እህቴ፣ በደረቅ ክብደቱ የሚጎትት ሰው የለም። ደረቅ ማለት ውሃ፣ ምግብ፣ አልጋ ልብስ፣ ድስት ሳይገባ ነው፤ አንዳንዱ ሰሪ ባትሪውንም ጋዙንም አይቆጥርም። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። 45 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሞልተሽ ከተነሳሽ 375 ፓውንድ ጨመርሽ ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ለሦስት ቀን ሲወጣም እንጀራውን፣ ምጣዱን፣ ረከቦቱን፣ የእንግዳ ወንበሩን ሳይቀር ይጭናል። ሰሪው የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የካምፐሩ ጎን ላይ ተለጥፏል፤ ስሌትሽን በእሱ ጀምሪ።

ከኦሮራ፦ ቪ 8 ወይስ ቱርቦ?

አንተ የምትኖረው ተራራ ሥር ስለሆነ መልሴ ቀጥተኛ ነው፦ ቱርቦ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው። እንደነዚህ ፒካፖች ቪ 8 ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ ወደ 3 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። አይ 70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር መሿለኪያ 11,158 ጫማ ላይ ነው። 355 የፈረስ ጉልበት ያለው የሲልቨራዶው 5.3 ሊትር ቪ 8 እዚያ ሲደርስ የሚቀረው ወደ 240 ነው። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ላለ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፣ ቪ 8ቱን ቢወድ ይግዛ። አንተ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ከመሿለኪያው ማዶ ወዳለችው ሲልቨርቶርን የምትወጣ ከሆነ የኤፍ 150 ባለ ቱርቦ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ወይም የሲልቨራዶና የሲየራ ባለ ቱርቦ 3.0 ሊትር ናፍጣ ዳገቱን አያስለምኑህም። ናፍጣው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቁልቁለት ላይ በጭስ ማውጫው በኩል ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል።

ስለ ቁልቁለት ካነሳን አይቀር፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዳገቱ ይልቅ እሱ ነው። ከመሿለኪያው ወደ ምዕራብ ስትወጣ መንገዱ 7 በመቶ ይወርዳል፤ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የአሸዋ መውጫ የተሠራለትም ያለምክንያት አይደለም። የአባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን በከባድ መኪና የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ማርሽ የሚቀነሰው አፋፉ ላይ ነው፣ መሃል ላይ አይደለም። ቶው ሞዱን (የመጎተቻ ቅንብሩን) አብራው፣ ማርሹን ቀንስ፣ ፍሬኑን ረገጥ አድርገህ ፍጥነቱን ካወረድክ በኋላ ልቀቀው። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ ከጋለ አይዝም።

ከላስ ቬጋስ፦ ከባድ መኪና አጠገቤ ሲያልፍ ካምፐሩ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ፒካፑ ትንሽ ስለሆነ ነው?

ምናልባት። ከዚያ በፊት ግን ጭነቱን እይ። ውዝዋዜ በብዛት የሚመጣው ሂቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ10 በመቶ ሲያንስ ነው። ካምፐሩ ጀርባ ላይ የብስክሌት መስቀያ ካሰርክ፣ ወይም ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ ኋላ ካስቀመጥክ፣ ፊቱ ይቀላል። አንድ ጊዜ በዋዮሚንግ አይ 80 ላይ ነፋስ ባለበት ቀን ከፊቴ የነበረ ካምፐር መወዛወዝ ጀመረ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ውዝዋዜው ባሰበትና ሁለቱንም መስመር ያዘ። እኔ ከኋላው ርቄ ስለነበር ተረፍን፤ እሱም እንደ እድል ዳር ይዞ ቆመ።

ስለዚህ ከጀመረህ፦ የፒካፑን ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁንም አትጨምር። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ እግርህን ከነዳጅ አንሳ፣ የካምፐሩን ፍሬን ብቻ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው የብሬክ ኮንትሮለር ማንሻ በእጅህ ቀስ አድርገህ ያዘው። ተሳቢው ወደኋላ ይጎትትና ይቃናል። ያቺ ማንሻ የት እንዳለች ሳታይ እጅህ እንዲያገኛት ቆመህ ተለማመድ፤ ለሚስትህም አሳያት። ፍጥነትህንም ተመልከት፤ የፍጥነት ደረጃ ያልተጻፈበት የካምፐር ጎማ የተሠራው እስከ 65 ማይል ነው፣ 75 የሚለው የመንገድ ምልክት ላንተ አልተጻፈም።

ከአትላንታ፦ የኋላ ባሌስትራው ላይ ኤር ባግ (በአየር የሚሞላ ደጋፊ) ባስጨምር የመሸከም አቅሙ ይጨምራል?

አይጨምርም። ጀርባው ቀና ይልልሃል፣ ስቲከሩ ግን ያው ነው። ፍሬኑ፣ አክሰሉ፣ ሻንሲውና ጎማው አልተቀየሩም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ሂች አለው። ሌላ ምን ልይ?

ሂች ብቻ ማየት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሂች ማንም ጋራዥ ይገጥመዋል። የፋብሪካው የመጎተቻ ፓኬጅ ግን ተጨማሪ የካምቢዮ ማቀዝቀዣ፣ ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬትና ብዙ ጊዜ ብሬክ ኮንትሮለር ይዞ ይመጣል። የዲፍሬንሻሉን ቁጥር (የማርሹን ሬሾ) ጠይቅ፤ 3.55 ከሆነ ነዳጅ ይቆጥባል፣ 3.73 ወይም 3.92 ከሆነ ለመጎተት ይሻላል። ሪሲቨሩ (ሂቹ የሚሰካበት የፒካፑ ቀዳዳ) ላይም የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ክብደት በሚያከፋፍል ሂችና ያለ እሱ ስንት እንደሚችል ለየብቻ ይጽፋል።

ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ በፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ድረ ገጽ ላይ ሪኮል (ሰሪው ለጥገና የጠራው ጉድለት) እንዳለበት ፈልግ፤ ነጻ ነው። የ2022 እና የ2023 ቱንድራ ሞተር ውስጥ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ አለ ተብሎ ተጠርቷል፤ ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ 6.2 ሊትር የጂ ኤም ሞተሮችም በ2025 ተጠርተዋል። ይሄ አትግዛ ማለት አይደለም፤ ጥገናው መሠራቱን በወረቀት አይተህ ግዛ ማለት ነው።

ከሳን ሆዜ፦ የኤሌክትሪኩስ?

ጉልበት አያንሰውም፣ ያለችግር ይጎትታል። ችግሩ ካምፐር ሲጎትት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ መውረዱ ነው፤ ብዙ ቻርጀር ላይ ደግሞ ካምፐሩን ፈትተህ ነው የምትገባው። በቅርብ ለምትሄድ ይሆናል፤ ዮሰሚቲ ድረስ ልጅ ይዘህ ግን አልመክርህም።

ከዴንቨር፦ እርግጠኛ የምሆነው እንዴት ነው?

ተመዘን። የእኛ ልጆች ከባድ መኪና የሚመዝኑበት ካት ስኬል በየትራክ ስቶፑ አለ፣ ፒካፕም ይመዝናል። ቤተሰቡን፣ ዕቃውን፣ ውሃውን ሁሉ ጭነህ ሂድ። መጀመሪያ ከነካምፐሩ፣ ከዚያ ካምፐሩን ዳር አቁመህ ፒካፑን ብቻ። የፊቱ አክሰል፣ የኋላው አክሰልና የካምፐሩ ለየብቻ ተጽፎ ይሰጥሃል። በሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፉት ስቲከሮች ጋር አስተያየው፤ በተለይ የኋላውን አክሰል፣ ቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነው።

ከኮሎምበስ፦ ስድስት ነን፣ ካምፐሩ 32 ጫማ ነው፣ ሲሞላ 9,000 ፓውንድ። ሃፍ ቶን ይበቃኛል?

አይበቃዎትም፣ ጋሼ። በዚያ ርዝመት የጎን ነፋስ ፒካፑን ከመስመር ያስወጣዋል፣ ሂቹ ላይ የሚያርፈውም ከ1,100 ፓውንድ ይበልጣል። በአዲስ ሃፍ ቶን ዋጋ ያገለገለ ስሪ ኳርተር ቶን፣ ከሃፍ ቶን የሚጠነክረውን፣ ይፈልጉ፤ ኤፍ 250፣ ራም 2500 ወይም ሲልቨራዶ 2500። እሱም ቢሆን ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የናፍጣው ሞተር ራሱ ከባድ ስለሆነ የቤንዚኑ ይበልጥ የሚሸከምበት ጊዜ አለ። በሥራ ቀን አጭር አጭር ርቀት ብቻ የሚነዱት ከሆነ የናፍጣው የጭስ ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል፣ ጥገናውም ውድ ነው። የቤንዚኑን ይግዙ።