አዲስ ልስን ላይ ምን ይሻላል? ጀሶ፣ ስቱኮ ወይስ ቀለም ብቻ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልስኑ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቀቢው ቤቱን በሙሉ ጀሶ ለብጠን በዘይት ቀለም እንጨርሰው ይላል። ባለቤትሽ ደግሞ ልስኑ ላይ በቀጥታ ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው) ይበቃል ባይ ነው። እኔ ለባለቤትሽ አደላለሁ፤ ግን መጀመሪያ ልስኑ ይድረቅ፣ ገንዘብ ካለም ከቀለሙ በፊት ስስ ስቱኮ (ግድግዳ ማለስለሻ ልጥፍ) ይጨመርበት። ምክንያቱን ከራሴ ቤት ልንገርሽ።

እኛ አያት አካባቢ ስንሠራ ልስኑ ያለቀው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። እንቁጣጣሽን በአዲሱ ቤት እንዋል ብለን ተጣደፍን። ገና በሦስተኛው ሳምንት ስቱኮ ተለጠፈ፤ በላዩ የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ተቀባ። ስንገባ መስታወት ይመስል ነበር። ጥቅምት ላይ ከሳሎኑ ግድግዳ ግርጌ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ቀጥሎ ቀለሙ አረፋ እየያዘ ተነሳ። ታኅሣሥ ላይ በጥፍር ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ነበር። ሁሉንም አስፍቀን እንደገና ከፈልን። ባለቤቴ ያን ሰሞን በጣም አዝና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲሚንቶ ልስን ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ውሃ አለው። ውሃው ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ዘይት ቀለም ደግሞ እንደ ላስቲክ መውጫውን ይዘጋበታል። በዚያ ላይ ትኩስ ሲሚንቶ እንደ ኖራ የሚያቃጥል ጠባይ አለው። ዘይቱን ራሱን እየበላ ወደ ሳሙና ዓይነት ነገር ይለውጠዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ቁጠሪ። ልስኑን ውሃ ማጠጣት ካቆማችሁበት ቀን አንስቶ ቢያንስ 28 ቀን ይሁን። ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጊና ዙሪያውን በማሸጊያ ፕላስተር ዝጊው። አሳድሪው። ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ ካየሽ ገና ነው። ቀቢው ቢያጉረመርምም ጠብቂ።

ሲደርቅ፣ ለመኝታ ቤቶቹና ለሳሎኑ እኔ የምመርጠው ስስ ስቱኮ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ነው። የመጀመሪያው እጅ በውሃ ቀጠን ይበል፤ ቀጥሎ ሁለት እጅ። የሚያብረቀርቅ ቀለም የግድግዳውን ጎድጓዳና እብጠት ሁሉ ያጋልጣል። ማታ አምፖል ከግድግዳው ጎን አስጠግተሽ አብሪ፤ ልስነኛው የተወው ሞገድ ካለ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ሙሉ ጀሶ የሚያስፈልገው ሞገዱ በዝቶ ስቱኮ የማይሸፍነው ሲሆን ብቻ ነው። የሁሉንም ክፍል ማስለበጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ገንዘቡ ካጠረ ባለቤትሽ እንዳለው በቀጥታ ቅቡት። የአሸዋው ሸካራነት ይታያል፤ የመጀመሪያው እጅም ቀለም በጣም ይጠጣል። ግን ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ስቱኮውም በሌላ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። እኛ ሰርቪሱን እንደዚያ ቀብተነው እስካሁን ምንም አልሆነም።

ጀሶን ውሃ ካለበት ቦታ አርቂው። እርጥበት ይጠጣና ይላላል። መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሁን። ኩሽናም ምድጃው ያለበት ግድግዳ እንዲሁ፤ ቅቤ የሚነጠርበትና ቁሌት የሚቁላላበት ቤት በቀለም ብቻ አይቻልም። ቡና የምታፈዪበትን የሳሎን ጥግም አስቢበት። የእጣንና የቡና ጢስ ግድግዳ ያቢጫል፤ የማያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ ሲፈተግ ይለቃል። እዚያ ጥግና ልጆች እጃቸው በሚደርስበት ኮሪደር ላይ የሚታጠበውን ፕላስቲክ ቀለም ውሰጂ። ከዚያው ቆርቆሮ ትንሽ አስተርፈሽ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ አስቀምጪ። በኋላ ሌላ ስትገዢ ቀለሙ አንድ አይመጣልሽም።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። መታጠቢያ ቤቱ ከየትኛው ክፍል ጋር ነው ጀርባ ለጀርባ የሚገጥመው? ያንን ግድግዳ ለመጨረሻ ተዉት። ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ ጥቂት ቀን ሳይፈተሽ ብሩሽ እንዳይነካው። የትኛው ክፍል እንደሆነ ጻፊልኝና ስለሱ ለብቻው እናወራለን።