ቪልሄልም እና ጉልዬልሞ ሞክሼ ናቸው?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። በቅርቡ የቡና እርሻ ለመጎብኘት ለመጣ ቪልሄልም ለሚባል ጀርመናዊ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሊሙና በከፋ ስላስተማሩት ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ስለ ጉልዬልሞ ማስያስ ሳወጋው «እኔና እሳቸው ሞክሼ ነን» አለኝ። የቀለደ መሰለኝ፤ እውነት ነውን?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ እንግዳዎ አልቀለደም። ሁለቱም የመጡት በጥንት የጀርመን ነገዶች ዘንድ ከነበረ አንድ ስም ሲሆን፣ ስሙም ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ የመጀመሪያው ፈቃድን ወይም ጽኑ ፍላጎትን፣ ሁለተኛው «ሄልም» ደግሞ የጦረኛን ራስ ቁር ያመለክታል። የከተማችሁ ሞተረኞች «ሄልሜት» የሚሉትም የዚሁ የ«ሄልም» ዘር ነው። ይሁን እንጂ እንደ «ገብረ ማርያም» ከሁለቱ ቃላት አንድ የተሟላ ሐሳብ ለማውጣት መድከም አይገባም። እነዚያ ሕዝቦች ከአባትና ከዘመድ ስም ቁራጭ እየወሰዱ ማጋጠምን ያዘወትሩ ስለነበር፣ አንዳንድ የስም መጻሕፍት «ቆራጥ ጠባቂ» እያሉ የሚሰጡት ፍቺ የጸሐፊዎቹ ምናብ ይመስለናል።

ይልቅስ የሚያስገርመው የጥንቱ ስም መነሻ የነበረው «ዊ» (ዛሬ ጀርመኖች «ቪ» የሚሉት) እንዴት «ጉ» ሊሆን እንደቻለ ነው። ፍራንኮችና ሌሎች የጀርመን ነገዶች የቀድሞውን የሮማ ግዛት ሲይዙ ስሞቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ከላቲን የተወለዱትን ቋንቋዎች የሚናገረው ሕዝብ ግን በዚያን ጊዜ ቃልን በ«ወ» ድምፅ መጀመር ትቶ ስለነበር፣ በእኛ «ጒ» ሊጻፍ በሚችል ድምፅ ተቀበላቸው። ከዚህም የኢጣሊያው ጉልዬልሞ፣ የስፔኑ ጊዬርሞና የፈረንሳዩ ጊዮም ተገኙ። በሰሜን ፈረንሳይ ያሉት ኖርማኖች ግን «ወ»ን ጠብቀው ስላቆዩ፣ መስፍናቸው በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ሲነግሥ ዊልያም የሚለው መልክ በዚያ ሥር ሰደደ። የዚህ ለውጥ ማስረጃ በየሱቁ ይገኛል፤ ፍሪጅ ሲገዙ ነጋዴው «ዋራንቲ» ቢልዎም «ጋራንቲ» ቢልዎም፣ ሁለቱም ቃላት ከአንድ የጀርመን ግንድ ተነሥተው በሁለት መንገድ የመጡ ናቸው። የአየርላንዱ ሊያምም የዚሁ ስም ቁራጭ ነው።

ለተማሪዎችዎ ይጠቅም እንደሆነ፣ ይህ ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሀገራችን በአራት መልክ ገብቷል። በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ዊልያም ሐሪስ፣ በ1878 በዐድዋ ያረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር፣ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው የፈረንሳይ ቆንስል ጊዮም ለዣን እና ማስያስ ሁሉም ሞክሼዎች ነበሩ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አንድ ነገር ግን ለእንግዳዎ ቢነግሩት መልካም ነው። በ1809 የተወለዱት ማስያስ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሎሬንዞ ሲሆን፣ ጉልዬልሞ የተባሉት የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ሲሆኑ ነው፤ «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም መሆኑን ለሚያውቅ የጅማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ሎሬንዞ ደግሞ ከላቲን የመጣ ስለሆነ፣ እንግዳዎ ከማስያስ ጋር ሞክሼ የሚሆነው ከምንኩስናቸው ወዲህ ብቻ ነው።