በኦጋዴን ጦርነት ለወደቀ አብራሪ ሜዳልያ፦ ቤተሰቡ ምን ያዘጋጅ?

ከአቃቂ ለጠየቁን፦ በ1970 ዓ.ም. ለተሰዉት የአየር ኃይል አጎትዎ ሜዳልያ ሲሰጥ ምን እንያዝ ላሉት፣ ከሁሉ በፊት ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያጣሩ። አንዱ ወረቀት «ገ/ሥላሴ»፣ ሌላው «ገብረስላሴ» ካለ ሁለት ሰው ይመስላል። ማዕረጉንና የመለያ ቁጥሩን ከድሮ ደብዳቤ ላይ ይቅዱ። ቀኑ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ የካራማራው ድል ቀን፣ የካቲት 26 ቀን 1970፣ በፈረንጆቹ ማርች 5 ቀን 1978 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግን ልዩነቱ 8 ሳይሆን 7 ዓመት ነው። ማን ይቀበል የሚለውን ቤት ውስጥ ጨርሱ፣ የወራሽነት ማረጋገጫም ቢኖር ይያዝ፤ መድረክ ሥር መነታረክ ነውር ነው። በኋላ ሜዳልያውን በሎሚና በአመድ እንዳታሹት (አደራ!)፣ ሪባኑንም ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ቀለሙ ይለቃል።